ልጨርስና ትስቃላችሁ

የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ከፍተን ከተሰባሰብን ወዲህ ያልተገኘ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ሐዋሳ ባንክ ገብቷል፣ አንዷ ጂንካ ነርስ ሆናለች፣ ሌላው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የራሱን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ አንዱ ድንገት፣ «ብዙነሽስ? ብዙነሽን ያያት አለ?» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ስልኬ አላረፈም። «ሳውላ አስተማሪ ናት አሉ።» «ኧረ አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ ሬዲዮ ላይ ድምጿን የሰማሁ መስሎኛል።» «አግብታለች መሰለኝ።» «ማን ነገረህ?» እንዲህ ስንባባል አንዷ፣ «ተዉ እንጂ! በብዙነሽ ላይ ያላጣራነውን ልንጽፍ ነው?» አለች። የሳቅ ምልክት እንደ ጎርፍ ወረደ። ለምን እንደሳቅን ከውጭ የሚያይ ሰው አይገባውም። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ቀን አስታውሰን ነው።

የት እንዳለች እኔም አላውቅም። ስልኳ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ብትፈልጓትም አትገኝም። ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች ግን ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ አብረን ተቀምጠናል።

ብዙነሽ ከደጋው ከገረሴ ወርዳ ወደ አርባ ምንጭ የመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ስንጀምር ነው። ሲቀላ ገበያ ላይ ማንጎና ሙዝ የምትሸጥ አክስት ነበረቻት፣ እትዬ አበበች የምትባል። እሷ ጋ እያደረች፣ ከትምህርት መልስ እየረዳቻት ልትማር ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ቀን ያንን የሚያቃጥል ሙቀት ንቃ የደጋ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ክፍል ገባች። እኔና ሳራ የተቀመጥንበት ዴስክ ላይ ቦታ ነበር፤ ሳታስፈቅድ መሃላችን ገብታ ቁጭ አለችና፣ «ብዙነሽ እባላለሁ። እናንተስ?» አለች። እንዲሁ ለእኛ ብቻ የተናገረችው ነበር፤ ኋላ መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ልጆች ግን ስማቸውን ነገሯት።

ድምጿ እንዲያ ነበር። ደጋ ላይ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ማዶው ሲጠራሩ ያደገ ድምፅ ነው፤ መቀነስ አታውቅበትም። መናገር ስትፈልግ ደግሞ እጇን አታወጣም። አንዴ ጨብ አድርጋ ታጨበጭብና ብድግ ትላለች።

በዚያው ሳምንት የሂሳብ አስተማሪያችን፣ ጢማሙና ቁመተ ረጅሙ ሰውዬ፣ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ሲል ብዙነሽ ጨብ አድርጋ ተነሳች። «ቲቸር፣ አልገባኝም። እንደገና ድገሚልኝ!»

ክፍሉ ፈነዳ። አፍ የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ማለት ታበዛ ነበር። ልጆቹ ዴስክ እየደበደቡ ሳቁ፤ አስተማሪው ራሱ ጠመኔውን ይዞ ፊቱን ወደ ሰሌዳ መለሰ። እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ብዙነሽ ግን እንደቆመች ጠበቀችና፣ «ልጨርስና ትስቃላችሁ» አለች። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ጠየቀች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «በሉ፣ አሁን ሳቁ» ብላ ተቀመጠች። ራሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ አባባሏ የክፍላችን መቀለጃም መመኪያም ሆነች።

ያንን ድምፅ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ የነበረው ቲቸር ማርቆስ ሳይሰማው አልቀረም። ቲቸር ማርቆስ ወጣት የአማርኛ አስተማሪ ነው። ሚኒ ሚዲያችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ውስጧ አሮጌ አምፕሊፋየርና በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ድምፅ ማጉያ። እኔ ገመድ መሰካት ስለምችል ቴክኒሻን ተብዬ ነበር። አንድ ቀን ብዙነሽ ከሜዳው ጫፍ ሆና ስትጠራኝ ቲቸር ማርቆስ ሰማና፣ «ይህቺ ልጅ ማይክ አያስፈልጋትም፤ ግን እንስጣት» አለ።

የሰጣት ማንም የማይፈልገውን ሥራ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት የጠፋ ዕቃ ማስታወቅ። እሷ ግን እንዲህ አደረገችው፦ «አንድ የቀኝ እግር ጫማ ተገኝታለች። ባለቤቷ ሆይ! በግራ እግርህ ብቻ እየነጠርክ እስከ መቼ ትኖሪያለሽ?» ልጆች ሻይ ቤት መሄዳቸውን ትተው ድምፅ ማጉያው ሥር መሰብሰብ ጀመሩ። እሷ ስትጠራው ለመስማት ብለው ሆን ብለው እስክሪብቶ የሚጥሉ ነበሩ።

ያን ሰሞን ፌስቡክ ከተማችን ውስጥ እንደ ጉድ የተስፋፋበት ጊዜ ነው። ስልክ ያለው ጥቂት ነው፤ ግን አንድ ስልክ ላይ ስንት ጭንቅላት እንደሚደፋ ያየ ያውቀዋል። ማን እንደከፈተው የማይታወቅ «ሹክ ልበላችሁ» የሚል ገጽ ብቅ አለ። መጀመሪያ ማን ለማን ደብዳቤ እንደጻፈ፣ ማን በሒሳብ እንደወደቀ ነበር የሚያወጣው። ሁላችንም ሳቅን። ቆይቶ ማን የሰው ጫማ አድርጎ እንደሚመጣ፣ የማን እናት ጠላ እንደምትሸጥ ማውጣት ጀመረ። ያኔም የሚስቅ አልጠፋም፤ የተጻፈበት ልጅ ብቻ በማግስቱ ሳይመጣ ይቀራል፣ ወይም መጥቶ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል።

የብዙነሽ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ አማርኛዋን ነው ያወጡት። እሷ ስልኬን ተቀብላ አነበበችና፣ «እዩ፣ የእኔን ስህተት ሲጽፉ ፊደል ገድፈዋል» ብላ ከት ብላ ሳቀች። አልነካትም ብለን ደስ አለን።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። እትዬ አበበች ወባ ይዟት ተኝታ ብዙነሽ መድኃኒት ልታመጣ ጤና ጣቢያ ሄደች። ወረፋው ረጅም፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበርና ጥላ ፍለጋ የእርጉዝ እናቶች መመርመሪያ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንዱ በስልኩ አነሳት። በማግስቱ ፎቶው «ሹክ ልበላችሁ» ላይ ወጣ፤ ከሥሩም፦ «የገረሴዋ እንግዳችን ልትወልድ ነው። አባቱ ማን ነው? ገምቱ።»

ገመቱ። ባጃጅ ነጂ ያለ አለ፣ የአክስቷ ባል ያለ አለ፣ ቲቸር ማርቆስ ያለም አለ። ወሬውን እውነት ያስመሰለው ግን አንድ አስተያየት ነው፦ «ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያስመልሳት በዓይኔ አይቻለሁ።» የጻፈው ሰው ራሱን «ውቢት» ብሎ ነው የሚጠራው። ያንን ስም የከፈተችው ሳራ እንደሆነች እኔና ብዙነሽ ብቻ እናውቃለን፤ አንድ ቀን በእኔ ስልክ ከፍታው ሳትዘጋው ረስታ ነበርና፤ ማየታችንን ግን እሷ አላወቀችም። ሳራ በዚያው ቀን ቦርሳዋን አንስታ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ወሬው ከስልክ ወደ ክፍል ለመግባት አንድ ቀን አልፈጀበትም። ወንዶቹ ሹራብ ጠቅልለው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው በዴስካችን በኩል ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ ያልፋሉ። ዴስኩ ላይ በእስክሪብቶ ሕፃን ሣሉ። ሰልፍ ላይ ስትቆም ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ የሚያስመስል አለ። ውሃ ልትጠጣ ቧንቧው ጋ ስትሄድ ሴቶቹ ገለል ይላሉ። ብዙነሽ አንድም ቃል አልመለሰችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ጨብ ማድረጓን ተወች። አስተማሪ ሲጠይቃት በሹክሹክታ ትመልሳለች። ያ ድምፅ! አንድ ቀን እኔ አጠገቧ ሆኜ አልሰማኋትም።

ሚኒ ሚዲያው ተዘጋ። ርዕሰ መምህሩ ቲቸር ማርቆስን፣ «ነገሩ እስኪበርድ ክበቡ ይቁም» አሉት። ወሬው ገረሴ ደረሰ፤ በማን ስልክ እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ። ሐሙስ ጠዋት አባቷ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ላብ በላብ ሆነው ግቢ ገቡ። ሊወስዷት ነው የመጡት። ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲወጡ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ጋሞኛ በመጠኑ እሰማለሁ። አባትየው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ግን እዚህ እየሞትሽ ነው፤ ፊትሽን አየሁት። ቤታችን እንሂድ» ነው ያሏት።

ብዙነሽ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ነካች። «አባ፣ እረፍት እስኪያልቅ ብቻ ይጠብቁኝ። ከዚያ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

ከዚያ እጄን ያዘችና በሩጫ ወደ መምህራን ክፍል። ቲቸር ማርቆስ ብቻውን ወረቀት ያርማል። ጨብ አደረገች! ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

«ቲቸር፣ የሚዲያውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ልትዪ?»

«የጻፉትን። እሱን ብቻ።»

ቲቸር ማርቆስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የእሱም ስም እዚያ ውስጥ አለ፤ ሥራውም አደጋ ላይ ነው። «የማንንም ስም አትጥሪም?»

«አልጠራም።»

ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣና ራሱ ተከትሎን መጣ። እኛን አስገብቶ በሩ ላይ ወንበር አድርጎ ተቀመጠ።

ገመዱን ሰካሁ። ደወሉ ተደወለ። ግቢው በልጅ ሲሞላ ማይኩን ከፈትኩት፤ ያ የታወቀ ጩኸቱን ጮኸና ዝም አለ። ስልኬን ከፍቼ ፊቷ ያዝኩላት።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ብዙነሽ። ድምጿ ተመልሷል! «ዛሬ የጠፋ ዕቃ የለም። የተገኘ ወሬ ነው ያለው። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።»

ከውጭ ፉጨትና ሳቅ ተነሳ። «ልጨርስና ትስቃላችሁ» አለችና ማንበብ ጀመረች። ፎቶውን ገለጸች። ከሥሩ ያለውን አነበበች። ከዚያ አስተያየቶቹን፣ ቃል በቃል፣ ያለ ስም። «አንዱ እንዲህ ይላል፦ ‹መንታ ነው፣ አንዱን ለእኔ።› አንዷ ደግሞ፦ ‹ደገኛ ስትባል ሙቀት ሲነካት እንዲህ ነው።› ሌላው፦ ‹ሕፃኑ በጋሞኛ ነው የሚያለቅሰው ወይስ በአማርኛ?›» የመጀመሪያው ላይ ሳቁ። ሁለተኛው ላይ ጥቂቶች ሳቁ። ሦስተኛው ላይ ግቢው ጭጭ አለ። ስልክ ላይ ሲነበብ ቀልድ የነበረው ነገር በሰው ድምፅ፣ ያውም በራሷ በተሰደበችው ድምፅ ከጣሪያ ላይ ሲወርድ ሌላ ነገር ሆነ። በመስኮቱ አየሁ፤ ልጆቹ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። አባቷ ማንጎው ዛፍ ሥር ሆነው ራሳቸውን ቀና አድርገው ድምፅ ማጉያውን ያያሉ።

የሳራ አስተያየት ላይ ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ገፋ አደረገችውና ቀጣዩን አነበበች። በኋላ ለምን እንደዘለለችው ስጠይቃት፣ «ያንን ባነበው ድምፄ ይሰበር ነበር» አለችኝ።

ርዕሰ መምህሩ ሜዳውን አቋርጠው እየገሰገሱ መጡ። «ማን ነው የፈቀደው?» ሲሉ በበሩ ተሰማኝ። ቲቸር ማርቆስ ተነስቶ ቆመ፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለም። «እኔ ነኝ ጌታዬ። የእኔም ስም ውስጡ አለ። ትጨርስ፤ ከዚያ እኔን ይጠይቁኝ።»

ብዙነሽ ይህንን ሁሉ እየሰማች ስልኩን መለሰችልኝ። የሚቀረውን ከአፏ ነው የተናገረችው።

«ብዙነሽ እባላለሁ። ከገረሴ ነው የመጣሁት። ጤና ጣቢያ የሄድኩት አክስቴን ወባ ስለያዛት ነው። አላረገዝኩም። ባረግዝም ኖሮ ትምህርቴን እማር ነበር። ይህንን የጻፋችሁ ልጆች ስማችሁን አይቼዋለሁ። አልጠራውም። ስም በክፉ ሲጠራ እንዴት እንደሚያደርግ አሁን አውቃለሁ፤ ለማንም አልመኝለትም።» ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ደግሞ አሁን መሳቅ ትችላላችሁ። ጨርሻለሁ።»

ማይኩን አጠፋሁት። ማንም አልሳቀም። ዘበኛው ጋሽ ደስታ ደወሉን መደወል ረስተው ብረቱን ይዘው ቆመዋል። ከዚያ መስኮታችን ተንኳኳ። ከታች ክፍል አንዲት ቀጫጫ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛለች። «እኔንም ጽፈውኛል። የእኔንም አንብቢልኝ» አለች።

ከኋላዋ ደግሞ ሌላ ልጅ ቆመ፤ የእናቱን ጠላ የጻፉበት ልጅ ነው። ከኋላው ሌላ። ርዕሰ መምህሩ ሊቆጡ የከፈቱትን አፍ ሳይዘጉ ሰልፉን አዩት። ከመስኮቱ ተነስቶ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ደርሷል፤ ግማሾቹ ከዚያ ቀን በፊት እንደተጻፈባቸው እንኳ የማናውቃቸው ልጆች ናቸው። ሰውዬው ለቲቸር ማርቆስ ቀስ ብለው፣ «ይህን ያህል ናቸው?» አሉት። ከዚያ ወደ ጋሽ ደስታ ዞረው፣ «ደወሉ ይቆይ» አሉ።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! እየተሻሙ፣ አንዱ ሲያለቅስ አንዱ ሲስቅ፣ አንዱ የራሱን ሲያነብ ብዙነሽ ከጎኑ ሆና «ጮክ በል! ሜዳው ጫፍ አልተሰማም!» እያለች። እኔ የአምፕሊፋየሩ ሙቀት እያቃጠለኝ ገመዱን በእጄ ይዤ ቆየሁ። የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ እንኳ እንደዚያ አስጨፍሮኝ አያውቅም።

አባቷ በመጨረሻ መጥተው ከመስኮቱ ውጭ ቆሙ። ብዙነሽ ወጣች። አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እኔ በከሰዓቱ መኪና ልሄድ ነው» አሏት በጋሞኛ።

«እኔስ አባ?»

«አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ።» ግንባሯን ስመው ሄዱ።

«ሹክ ልበላችሁ» ከዚያም በኋላ ሲጽፍ ነበር። ግን ከሥሩ የሚጽፍ ጠፋ። ማን ይደፍራል? ነገ በእረፍት ሰዓት ጣሪያ ላይ ሊነበብበት? ጥቂት ሳምንት ብቻውን አወራና ገጹ ራሱ ጠፋ። ማን እንደከፈተው እስካሁን አናውቅም፤ ብዙነሽም ለማወቅ አልፈለገችም። የልጆቹ ክፋት ሁሉ ጠፋ አልላችሁም፤ በስልክ እየተደዋወለ የሚሰዳደብ ነበር፣ ቲቸር ማርቆስም በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ግን ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዱ የነበሩት ልጆች መሃል ሜዳ ላይ መታየት ጀመሩ። ያንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ያ ሐሙስ ባለፈ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ብዙነሽ ወደ ኋላ ዞራ ለክፍሉ በሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሳራ! ቦታሽ አቧራ ለበሰ፤ ነይ እንጂ» አለች። ሳራ ፊቷ ደም መሰለ። መጥታ ተቀመጠች። እኔ ልናገራት አፌን ስከፍት ብዙነሽ በዴስኩ ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳራ የብዙነሽን ፈተና ወረቀት እያየች ፊደሏን ታርምላታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ አበበች ማንጎ ስትደረድር አብራ ትደረድራለች። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳችም።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ያለቀ ዕለት ብዙነሽ ወደ ገረሴ ልትመለስ መናኸሪያ ሸኘናት። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» ይላል፣ ጣሪያው ላይ ሙዝና ፍራሽ ይጭናሉ። ሳራ ቦርሳዋን ልታቀብላት ብላ ተከትላት ገባች። እኔ በመስኮቱ በኩል ከታች ቆሜያለሁ። ሳራ ቦርሳውን ሰጠቻት፤ ግን አልወረደችም። ቆማ ማልቀስ ጀመረች።

«ያን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲያስመልሳት አይቻለሁ ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ብዙነሽ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርሽ ተነስተሽ ትሄጂ ነበራ! ማን አጠገቤ ይቀመጣል?»

ሳራ ወንበሩን ይዛ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ረዳቱ በሩን መታ መታ አደረገ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። «ውረጂ እንግዲህ፣ ሊሄድ ነው!» አለቻት ብዙነሽ። ሳራ በሩን አየች፣ ብዙነሽን አየች፤ ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ጠጋ በይ» ብላ ከጎኗ ቁጭ አለች።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ ከሥሩ እየሮጥኩ፣ «ሳራ! አብደሻል? እናትሽን ምን ልበላት?» ብዬ ጮህኩ።

በመስኮቱ ብቅ ያለችው ግን ብዙነሽ ናት። ያ ከኮረብታ ኮረብታ የሚሻገር ድምጿ መናኸሪያውን ሁሉ አልፎ መጣ፦

«ገረሴ ሄዷል በያት! እሑድ ይመለሳል!»